የፀሐይ ብልጭታ እና የአክሊል ውርወራ

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ የኤክስ ጨረር ምድርን መታ። በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው የጀልዴሳ መንደር ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። በዚያው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ደግሞ የምድር መግነጢስ በድንገት ተናጠ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ያልታየ ማዕበል ተነሣ። የዓለም ዜና ሁለቱንም “የፀሐይ ማዕበል” ብሎ በአንድ ጠቀለላቸው። የጠዋቱ የማታውን የወለደ የመሰለው አንባቢ አይፈረድበትም። ግን አልወለደውም። ማታ የደረሰው ከሚያዝያ 30 ጀምሮ ተከታትሎ ከፀሐይ የወጣ፣ ጠዋት ገና በመንገድ ላይ የነበረ ነገር ነው። ለሁለቱ ሁለት ስም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሶላር ፍሌር የሚባለው ሲሆን የፀሐይ ብልጭታ ልንለው እንችላለን። በፀሐይ ላይ ጠቆር ብለው የሚታዩ ነጥቦች አካባቢ የመግነጢስ መስመሮች ይጠማዘዛሉ፤ ሲበጠሱና እንደገና ሲገጣጠሙ የታመቀው ኃይል በብርሃንና በጨረር መልክ ይለቀቃል። ብርሃን ስለሆነ ከ8 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ውስጥ እዚህ ይደርሳል፤ ስናየው ደርሶብናል ማለት ነው፣ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ የለም። ብልጭታዎች ከደካማው ወደ ብርቱው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ኤክስ እየተባሉ ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከቀደመው አሥር እጥፍ ይበረታል። የዚያ አርብ ጠዋቱ ኤክስ 3.9 ነበር።

ሁለተኛው ኮሮናል ማስ ኢጀክሽን ነው። ኮሮና ፀሐይን የከበበው ስስና እጅግ የጋለ ድባብ ነው፤ አክሊል ቢባል ያምርበታል። (ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው የግርዶሽ ቀለበት አክሊሉ አልነበረም፤ ጨረቃ ያልሸፈነችው የራሷ የፀሐይ ጠርዝ ነው። አክሊሉ በዓይን የሚታየው በሙሉ ግርዶሽ ብቻ ነው።) ከዚህ ድባብ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር ቁስ የራሱን መግነጢስ ተሸክሞ ሲወነጨፍ የአክሊል ውርወራ እንበለው። ፈጣኑ በ15 ሰዓት ገደማ፣ ብዙው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምድር ይደርሳል። ወደ እኛ ካልተወረወረም አልፎን ይሄዳል።

የድሬዳዋ ሰው ይህን መሰል ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በደጋው ላይ መብረቅ ሲበርቅ ወዲያው ይታያል፤ ጎርፉ ግን ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ በደቻቱ ወንዝ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍም ሌሊት የደረሰው ከደጋው ወርዶ ነው።

ጉዳታቸውም ለየቅል ነው። ብልጭታው ሰማያችን ላይ ያለውን የታችኛውን የኤሌክትሪክ ንብርብር በጨረር ያጠግበዋል፤ ያኔ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ድምፅ ተውጦ ይቀራል። አውሮፕላኖችና ሩቅ ለሩቅ የሚነጋገሩ ጣቢያዎች ለደቂቃዎች፣ ሲብስ ለሰዓታት ይደናቆራሉ። የሚደርሰውም ቀን በሆነበት የምድር ክፍል ላይ ብቻ ነው። ውርወራው ግን የምድርን መግነጢስ ራሱን ይንጣል። በ1981 ዓ.ም. መጋቢት በካናዳዋ ኩቤክ በረጃጅም መስመሮች ላይ የፈጠረው ትርፍ ጅረት የኤሌክትሪክ መረቡን በአንድ ተኩል ደቂቃ ገደማ ጣለውና 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለ9 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆየ። በ2016ቱ ማዕበል ደግሞ በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች መስመራቸውን ስተው ዘር መዝራት አቋረጡ።

ታዲያ ጀልዴሳን ምን አገባት? ባቡር በ1895 ድሬዳዋ ሳይገባ በፊት በሐረርና በዘይላ መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ያርፍባት የነበረችው ይህች መንደር ከመግነጢስ ወገብ አጠገብ ናት። በዚህ መስመር ላይ የምድር መግነጢስ ወደ መሬት አይዘቀዝቅም፤ በነፃ የተንጠለጠለ የመግነጢስ መርፌ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። በዚህም ምክንያት ከራሳችን በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ብልጭታ ሲመጣ ይህ ጅረት ባንድ አፍታ ያብጣል፤ መሬት ላይ ያለ መለኪያም ይመዘግበዋል። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመግነጢስ ጣቢያ ሲያቋቁሙ የቦታው ትልቁ ዋጋ ይህ ወገብ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ቤተ ሙከራም ይህንኑ ሰማይ ያጠናል።

ስለዚህ የሰሜን ሰዎች በ2016ቱ ማዕበል ያዩት ባለ ቀለም የሰማይ ብርሃን እኛ ዘንድ አይደርስም። የሚደርሰን ሌላ ነው፦ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው ንብርብር ውስጥ አረፋ መሰል ጉድጓዶች ይነሣሉ፣ የጂፒኤስ ምልክት በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል። ማዕበል አንዳንዴ ያባብሳቸዋል፣ አንዳንዴም ያፍናቸዋል። በስልኩ መንገድ የሚፈልግ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ መሬት የሚለካው ቀያሽ ግን ያስተውላል። በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመርም ረጅም ነው፤ ቢሆንም አደጋው ከካናዳው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

“ዛሬ ሌሊት ከፀሐይ አደገኛ ጨረር ይመጣል፣ ስልካችሁን ዝጉ” የሚል መልእክት በየስልኩ ሲዘዋወር ላየ፦ ሌሊት በጀልዴሳ ብልጭታ የሚያገኘው የለም፣ ምድር ራሷ በመካከል ናት። ውርወራ ሌሊትም ይደርሳል፤ እሱ ግን የሚነካው መግነጢስን እንጂ ከትራስ ሥር ያለ ስልክን አይደለም።