ግድብን ማን ይጠብቃል?

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮንዶሚኒየሙና በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ውሃን ብንጠይቀው ግን ስለ አካባቢው ሌላ ነገር ይነግረናል። ከእንጦጦ ወደ ከተማዋ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱ በአቃቂ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። እንግዲህ በዚህ ተፋሰስ ላይኛው ጫፍ የቆመ ግድብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጤናው የታችኛው ሰው ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ የግድብ ታሪክ ስንል ምን ማለታችን ነው? ማን ሠራው? መቼ ተመረቀ? ስንት ፈጀ? ጥያቄያችን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። የግድቡን ዕድሜ የሚወስነው ግን ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ ያለው ጥበቃ ነው። ይህ በተለይ ለአፈር ግድብ እውነት ነው።

የአፈር ግድብ ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። መሐሉ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ነው፤ እሱን ግራና ቀኝ ሌላ አፈርና ድንጋይ ይደግፈዋል። ግን የትኛውም አፈር አይሆንም። የአቃቂ ሜዳ ዋልካ፣ ገበሬው እንደሚያውቀው፣ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አፈሩ ተመርጦና በደንብ ተጠቅጥቆ ቢሠራም ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ውሃ በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው፤ አፈሩን እየሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ይጥለዋል። ሁለተኛው በውስጡ ሾልኮ የሚወጣ ውሃ ነው። በግድቡ እግር ሥር ጥርት ያለ ውሃ ጠብ ጠብ ቢል ያን ያህል አያስደነግጥም። የደፈረሰ ውሃ ከወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ይኼኔ ነው። ይህን ልዩነት የሚያየው በዝናብ ማግስት በእግሩ ዞሮ የሚመለከት ሰው ብቻ ነው። የጃርት ጉድጓድና የዛፍ ሥርም በጊዜ ካልታዩ ለውሃው መንገድ ይከፍታሉ።

ይህን ከጥንት ሰዎች መካከል የተረዳ አንድ ሰው ከእኛው ወገን ነበር። የየመኑ የማሪብ ግድብ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአፈር ግድብ ሲሆን፣ በየጊዜው እየተሰበረና እየተጠገነ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሲሰበር የጠገነው፣ ከአክሱም ጦር ጋር ባሕር ተሻግሮ ሄዶ በኋላ በየመን የነገሠው አብርሃ ነው። ሥራው መሐል ላይ ወረርሽኝ ገባ፤ ሠራተኛው ወደየቤቱ ተሰናበተ፤ ቆይቶም ተመልሶ ጨረሰው። አብርሃ ይህን ሁሉ፣ ለሠራተኛው የወጣውን ዱቄትና ሥጋ ሳይቀር ቆጥሮ፣ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ልብ በሉ! ንጉሡ የኮራው በጥገና ነው። ከእሱ በኋላ ጥገናው ሲቀር ግድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ፈረሰ፤ የጎርፉ ነገር በቁርኣንም ተጠቅሷል።

ጥበቃ ሲጓደል የሚሆነውን የአሜሪካዋ ጆንስታውን አሳይታለች። ከከተማዋ በላይ የነበረው የአፈር ግድብ የሀብታሞች ክበብ መዝናኛ ሆኖ ነበር። ዓሣው እንዳያመልጥባቸው በጎርፍ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አደረጉ። የግድቡ አናት ዝቅ ብሎ ነበር፤ ውሃውን ከሥር የሚለቁት ቧንቧዎችም ቀደም ብለው ተነቅለዋል። በግንቦት 1889 ከባድ ዝናብ መጣ፤ 2,209 ሰው አለቀ። ሩቅ ነው፣ ድሮ ነው ያለ እንደሆነም ጎረቤታችን ኬንያ አለች። በግንቦት 2018 ሶላይ በተባለ ቦታ የአንድ እርሻ የአፈር ግድብ በሌሊት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ። ለመግደል ታዲያ ግድቡ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም።

ወደ አቃቂ እንመለስ። ገፈርሳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በ1966 ከዋናው ግድብ በላይ የተሠራውን ትንሽ የአፈር ግድብ፣ ገፈርሳ ሦስትን፣ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ሥራው ደለሉን እዚያው አስቀርቶ የዋናውን ግድብ ዕድሜ ማራዘም ነው። ከተማው የሚጠጣው ከታላቁ ነው፤ ጭቃውን የሚውጠው ታናሹ ነው።

እንዲህ ያለ ጠባቂ ያጣው አባ ሳሙኤል ነው። እሱ እንኳ የአፈር አይደለም፤ የድንጋይ ግንብ ነው። በ1930ዎቹ ተጀምሮ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሆነ፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ግንቡ አልፈረሰም፤ ሐይቁ ግን የከተማውን ደለልና ቆሻሻ ተሸከመ፤ እምቦጭ ወረረው። ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ በቻይና እርዳታ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2016 ነው። ተርባይኑ ታደሰ፤ ከላይ የሚመጣው ጭቃ ግን በተርባይን አይታደስም።

«ታዲያ ትንንሽ ግድብ አይሠራ ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሠራ እንጂ! ከብት ይጠጣበታል፤ አትክልት ይለማበታል፤ ጎርፉም ጥቂት ይበርድበታል። ነገር ግን ጥበቃው ለግንቡ ብቻ አይደለም፤ ለሰውም ነው። በትግራይ አነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ በ1999 የታተመ ጥናት፣ ወባ ከግድቡ ራቅ ካሉት መንደሮች ሰባት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ውሃውን ያመጣ ትንኙንም አብሮ ማሰብ አለበት።

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገፈርሳ ለምናየው ለእያንዳንዱ ኩሬና ግድብ ልንጠይቀው የሚገባን እንግዲህ ይህ ነው፤ ማስተንፈሻውን ከክረምት በፊት የሚጠርገው ማን ነው? እግሩ ሥር የወጣው ውሃ መደፍረሱን አይቶ ለማን ይናገራል? ከታች ያለው ቤተሰብ በሌሊት ማን ይቀሰቅሰዋል? ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የስም መልስ የሌለው ግድብ፣ የምርቃት ሐውልቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ባለቤት የለውም።