የሕክምና ጉባኤዎቻችንና ትራፊያቸው፤ ከማጀቴ ሲታይ

በ1953 ዓ.ም. ጥር ወር የአፍሪካ አዳራሽ በአዲስ አበባ ተመርቆ ተከፈተ። አራት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ በታሪክ የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተብሎ የሚታወቀው አደጋ ደረሰና የማጀቴን ከተማ አፈራረሳት። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ሦስቱ ክስተቶች የሚያገናኛቸው የዘመን መገጣጠም ብቻ ነው። ሆኖም ማጀቴ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በዋና ከተማው ስለሚደረግ ጉባኤ በተነሣ ቁጥር ይህ መገጣጠም ትዝ ይለኝ ነበር። አዳራሹ እዚያ ነው፤ የሚመከርበት ጉዳይ፣ ወባው፣ ድርቁና የወላዱ ሞት፣ እዚህ ቆላው ውስጥ ነው።

ማኅበሩ ሲመሠረት በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ከጤና መኮንንና ከማኅበረሰብ ነርስ ጎን ሳኒተሪያን ማሠልጠኑ ሊታወስ ይገባል። የውሃ፣ የመጸዳጃና የቆሻሻ ነገር ከጅምሩ የሙያችን አካል ነበረ ማለት ነው። ዛሬ “የአካባቢ ጥበቃ” ሲባል ከውጭ የመጣ አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉ፤ እነዚያን ሳኒተሪያኖች የረሱ ይመስለኛል።

ጉባኤ ራሱ አካባቢን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም የተባበሩት መንግሥታት ስለ ሰው ልጅ አካባቢ ሲመክሩ የተነሣው የፋብሪካውና የወንዙ ጉዳይ ነበር። በ2002 በጆሃንስበርግ በተካሄደው የዘላቂ ልማት ጉባኤ ግን ተሰብሳቢው ራሱ የሚፈጀውን ውሃና መብራት፣ የሚጥለውንም ቆሻሻ ለመቀነስ የታቀደ ጥረት ተደረገ። ወደ ሕክምናው መንደር ስንመጣ፣ የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2006 በሳንዲያጎ ላደረገው ዓመታዊ ስብሰባ የተሳታፊዎቹ ጉዞ ከ10,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳስከተለ ሁለት ሐኪሞች አሰሉ። በ2007 ደግሞ የቢ.ኤም.ጄ. አዘጋጅ ፊዮና ጎድሊና ኢያን ሮበርትስ የሕክምና ጉባኤዎች የካርቦን አሻራ እንዲቀነስ በርእሰ አንቀጽ ጠየቁ። አንድ ኢትዮጵያዊ ነዳጅ በማቃጠል በዓመት የሚደርሰው የልቀት ድርሻ ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። ስለ ሳንባ በሽታ ለመምከር የተደረገው ያ የጥቂት ቀናት ጉዞ እንግዲህ ከ40,000 ኢትዮጵያውያን የዓመት ድርሻ ይበልጣል።

ይህ ስሌት እኛን ነጻ የሚያወጣ ሊመስል ይችላል። የአገር ውስጥ ተሰብሳቢ በአብዛኛው በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። የእኛ ዕዳ በሌላ በኩል ነው።

በእጃችን ያለውን እንቁጠር። 400 ተሰብሳቢ ለሦስት ቀን ተቀምጦ እያንዳንዱ በቀን ሦስት ውሃ ቢቀርብለት 3,600 የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሆናል። ግማሹ ሳያልቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ማጀቴ ላይ ባዶ “ሃይላንድ” ዕቃ ነው፤ ዘይት ይገዛበታል፣ ማር ይቀመጥበታል፣ ገበሬው ውሃ ይዞበት እርሻ ይወርዳል። አንዲት አብራኝ የሠራች ነርስ አንድ ጊዜ ከሥልጠና ስትመለስ ከቦርሳው ይልቅ ስድስት ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች። “ዶክተር፣ እዚያ እኮ ይጥሉታል!” ነበር ያለችኝ። ቦርሳው በዓመቱ ዚፑ ተበጠሰ፤ ጠርሙሶቹ ግን ቆዩ።

በመጨረሻ እነርሱም ያረጃሉ። ያረጀው ፕላስቲክ በሠራሁበት ጤና ተቋም ጓሮ ከሌላው ቆሻሻ ጋር በጉድጓድ ይቃጠል ነበር፤ ጭሱ ነፋሱ ከዞረ የተኙ ሕሙማን ክፍል ይገባል። አስም ያለባትን እናት በዚያ ክፍል አስተኝቼ መስኮት ዘግቻለሁ። ከጉድጓዱ ውስጥ ከጉባኤ የመጣው ምን ያህል እንደሆነ አልለካሁም፤ ጥቂት ይሆናል። ይሁንና በየስብሰባው ስለ መተንፈሻ አካላት ጤና ገለጻ ሳዳምጥ የዚያ ጓሮ ሽታ ይመጣብኝ ነበር።

በአዲስ አበባ የቀረው ቆሻሻ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ጥራጊ ሲቀበል የኖረው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። አብዛኞቹ ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ሕጉ ግን ቀድሞ ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን አልጠፋም፤ በ2017 ዓ.ም. ጠበቅ ያለ ሌላ አዋጅ ማስፈለጉ ይህንኑ ይመሰክራል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ አዳራሾች ተዘጉና ጉባኤው ወደ ስልካችን መጣ። ብዙዎች ያንን ጊዜ የሚያስታውሱት በቅሬታ ነው፤ እውነትም ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር፣ የሻይ ሰዓቱ ጨዋታም ቀረ። ለእኛ ግን ሌላ ነገር ነበረው። ቀድሞ ከጤና ተቋሙ አንድ ሰው ቢመረጥ ነው፤ እርሱም ሲሄድ ታካሚው ይጉላላል። መስከረም ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በይፋት ቆላ የወባ ወቅት ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ አንድ ባለሙያ ለሳምንት መልቀቅ ከባድ ነው። አሁን አምስታችን በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠን አዳመጥን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በደረሱት ግጭቶች መንገዱ በተዘጋባቸው ጊዜያትም ከሙያ ጓደኞች ጋር ያገናኘን ያው ስልክ ነበር።

ስለዚህ ወደ ቀድሞው ልማድ ሙሉ በሙሉ መመለሳችን አይገባኝም። ዋናው ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የሰሜን ሸዋው ባለሙያ ደብረ ብርሃን ላይ ተሰብስቦ በምስል ቢካፈል፣ ከማጀቴ የሚነሣው ጣርማበርን ወጥቶ እዚያው ይቆማል፤ የቀረውን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ይተርፋል። ውሃው በጆግና በብርጭቆ ይቅረብ። የምሳ ግብዣውም ቢሆን ሥጋ በሥጋ ካልሆነ ክብር የጎደለው ይመስለናል፤ ከብት ከሽሮ ይልቅ አካባቢን እንደሚያስከፍል ግን የተረጋገጠ ነው፤ የጾም በያይነቱ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም። ቦርሳው ከነአካቴው ቢቀር የሚያዝን ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአበሉን ነገር ማንሣት አልወድም፤ ሳላነሣው ባልፍ ግን ሐቀኛ አልሆንም። ብዙ ባለሙያ ጉባኤ የሚሄደው ከደመወዙ ላይ የሚደጉመው ስለሆነ ነው። በስልክ የተካፈለው ምንም የማያገኝ ከሆነ፣ አካባቢን የሚጠብቀው ጉባኤ ወጪው ከነርሷ ኪስ ወጣ ማለት ነው። አዘጋጆች ከአዳራሽና ከማተሚያ የሚያተርፉትን ገንዘብ ለኢንተርኔትና ለምሳ ወደ ወረዳ ቢያወርዱት ነገሩ ይቃለላል።

ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚደረገውን ኮፕ 32ንም አገራችን እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ከዚያ በፊት የእኛ ሙያ ማኅበራት የሚያካሂዷቸው ጉባኤዎች አሉ። ለሚቀጥለው የጥሪ ደብዳቤ ሲጻፍ “የውሃ መያዣዎን ይዘው ይምጡ” የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር፣ ያቺ ነርስ ስድስት ሃይላንድ ይዛ እንደምትመጣ እርግጠኛ ነኝ።