ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል

ይህ ተረት ለሮቢት ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የማሽላ ጠላ በሚጠመቅበት የራያ ቆላ ብቅል ምላስ እንደሚፈታ ሁሉም ያውቃል። ዋሽንግተን ያሉ የመንግሥት ቢሮዎችም ሚስጥር የሚያምኑትን ሰው ሲመርጡ የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

በድሮው ቤተ መንግሥታችንም መጠጥ የመታመን ጉዳይ ነበር። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መርዝ እንደሌለበት በራሱ ነፍስ ይመሰክራል ማለት ነው። ጠጪው ራሱ ሞቅ ሲለው ምን ሊያወራ እንደሚችል ግን በመዳፍ ቀምሶ ማወቅ አይቻልም።

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ አሰፈሩት። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጡት ትእዛዝ ቁጥር 10450፣ በመንግሥት ሠራተኛ ላይ ከሚጣሩት ነገሮች አንዱ ልማደኛ ስካር እንዲሆን አደረገ። ሕጉ ብቻውን ግን አልበቃም። የሲአይኤው አልድሪች ኤምስ ጠጪነቱን አለቆቹ ያውቁ ነበር፤ አለፉት። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለሶቪየት ሚስጥር ሲሸጥ ኖሮ በ1994 ተያዘ። የሸጠው ለገንዘብ ነው፤ ስካሩ ግን ሁሉም እያየ ያለፈው ምልክት ነበር።

ዛሬ ሴኩሪቲ ክሊራንስ የሚፈልግ ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ፣ ባለፉት 7 ዓመታት መጠጥ ሥራህን፣ ትዳርህን ወይ ኪስህን ጎድቷል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ቢራ መቅመስ ብቻውን አይጥልም። ጠጥቶ መንዳት፣ ሰክሮ ሥራ መግባት፣ ሐኪም ያዘዘውን አለመከተል ግን ሊጥሉ ይችላሉ። ችግሩን አምኖ የታከመና የተለወጠ ሰው ይህ በበጎ ይታይለታል። ቅጹ ላይ አውቆ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ወደኛ አገር ስንመጣ፣ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በስካር ልማድ ሥራን መበደል ከባድ ቅጣት ከሚያስከትሉ ጥፋቶች መድቦት ነበር። ቅጣቱ እስከ ስንብት ይደርስ ነበር። ጥሩ፤ ግን ከቅጣቱ በፊት ሰውየው የት ነበር? እኛ ዘንድ ጎረቤት ይሸፍንለታል፣ ባልደረባ በሱ ፈንታ ይፈርማል፣ «ጨዋታ አዋቂ ነው እኮ» ተብሎ ይታለፋል። መታከም ደግሞ ያሳፍራል።

ሚስጥር የሚወጣው ይሄኔ ነው። የሚደብቀው ነገር ያለውን ሰው ማስፈራራት ቀላል ነው። «ታክሜያለሁ» ብሎ በአደባባይ የሚናገርን ሰው ግን በምን ያስፈራሩታል?