የእጅ አሻራና የባለእጁ ስም፤ ስለ አሮጌ ጠርሙስና ሸክላ ሰብሳቢዎች ትዝታ

በአሜሪካ አሮጌ ጠርሙስ መሰብሰብ ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ የተስፋፋ ልማድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሰብሳቢዎቹ የራሳቸው ማኅበራት፣ የራሳቸው ገበያና የራሳቸው ቋንቋ አሏቸው። የተተዉ የቆሻሻ መጣያዎችን፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን የመጸዳጃ ጉድጓዶች ሳይቀር ይቆፍራሉ። አንባቢ በዚህ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ሆኖም የሥነ ቍፋሮ ሊቃውንት ከሚሠሩት ብዙ የራቀ አይደለም። ከመስተዋቱ ጎን በብርቱ እሳት ተተኵሶ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የሸክላ ጠርሙስና ማሰሮም ይሰበሰባል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሰው እጅ ነክቷቸዋል የሚባለው ነገር ነው።

ሰብሳቢው ጠርሙሱን ሲያነሣ አስቀድሞ የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከቅርጽ ማውጫው የሚቀረው፣ ስፌት የመሰለው መስመር ነው፤ መስመሩ እስከ አፉ ጫፍ ድረስ ከዘለቀ ጠርሙሱ የመኪና ሥራ ነውና ዋጋው ይወርዳል። ሁለተኛው ከሥሩ ያለው ጠባሳ ነው። ጠርሙስ ነፊው አፉን ለማበጀት ሲል በጠርሙሱ ሥር የብረት ዘንግ ያጣብቅ ነበር፤ ዘንጉ ተሰብሮ ሲነሣ እንደ እትብት ያለ ሻካራ ምልክት ይቀራል። ይህ አሠራር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም እየቀረ ስለ ሄደ፣ ጠባሳው ያለበት ጠርሙስ እጅግ ይፈለጋል። አንድ ጊዜ እንደ ጉድለት ይታይ የነበረው ነገር ዛሬ የዋጋው ምክንያት ሆኗል።

ለሰብሳቢዎቹ የዘመኑ ፍጻሜ 1903 ነው። በዚያ ዓመት ማይክል ኦወንስ የተባለው ሰው በኦሃዮ ግዛት፣ በቶሌዶ ከተማ፣ ጠርሙስን ያለ ነፊ የሚሠራ መኪና አስገኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ የነፊው ሞያ ከፋብሪካው ወጣ ለማለት ይቻላል። ሰብሳቢዎቹ ስለዚህ መኪና ሲናገሩ ስለ አንድ ወራሪ ጦር የሚያወሩ ይመስላሉ። ነገር ግን ኦወንስ ራሱ በ1859 ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ ገና በዐሥር ዓመቱ በዌስት ቨርጂኒያ በመስተዋት ፋብሪካ እሳት ዳር ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሉዊስ ሃይን ከ1908 ጀምሮ በየፋብሪካው ያነሣቸው ሥዕሎች እነዚያን ሕፃናት ያሳያሉ፤ ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ትኵስ ጠርሙስ ሲያመላልሱ ያድሩ ነበር። ሕፃናቱን ከእሳቱ ዳር በማራቅ ረገድ የኦወንስ መኪና ከሕጉ ያላነሰ ድርሻ አለው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የሰብሳቢዎቹ ትዝታ የእጁን ሥራ እንጂ እጁ የማን እንደ ነበረ አያስታውስም።

ይህ ጕዳይ ከሁሉ ይልቅ ገሐድ የሚወጣው በደቡብ ካሮላይና፣ ኤጅፊልድ በተባለው አውራጃ በተሠራው ሸክላ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ ከሠሩት ባሮች አንዱ፣ በ1800 ግድም የተወለደው ዴቭ፣ ማንበብና መጻፍ ያውቅ ነበር። የግዛቲቱ ምክር ቤት ባሪያን ማስጻፍ የሚከለክል ሕግ ያወጣው በ1834 ነው፤ ዴቭ ግን በዚያው ዓመት በእርጥቡ ሸክላ ላይ ስንኝና ቀን ጻፈ። ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው እየተላለፈ በሠራባቸው ዐሥርተ ዓመታት ስሙን በብዙ ዕቃ ላይ አኖረ። ሥጋና ስብ ለማስቀመጥ ከሠራቸው መካከል አንዳንዶቹ እኛ ጋን ከምንለው የሚስተካከሉ ናቸው፤ በ1859 ባድለር ከሚባል ጓደኛው ጋር የሠራቸው ወደ መቶ ኀምሳ ሊትር ይይዛሉ። በ1857 በጻፈው ስንኝ ዘመዶቹ ሁሉ የት እንደ ደረሱ ይጠይቃል። ከነጻነት በኋላ ዴቪድ ድሬክ ተብሎ በ1870 የሕዝብ ቈጠራ ላይ ከነሞያው ተመዘገበ። ከማሰሮዎቹ አንዱ በ2021 በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ተሸጠ። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ በ2025 ሁለት ማሰሮዎችን ለዘሮቹ መልሶ፣ አንዱን ከእነርሱ በገንዘብ ገዛ። ባይፈርም ኖሮ ዘሮቹ የሚጠይቁት ነገር ባልኖረ ነበር።

ነገሩን ወደ አገራችን ስናመጣው ንጽጽሩ አያኰራንም። የእኛዋ ሸክላ ሠሪ ያለ መሽከርከሪያ፣ በመዳፏና በጣቷ ጭቃውን ታቆማለች፤ በኩበትና በእንጨት ትተኵሳለች። እንጀራችን የተጋገረው፣ ቡናችን የፈላው፣ ጠላችን የተጠመቀው በእርሷ ሥራ ነው። ሆኖም ምጣዷን ገዝቶ የሚሄደው ጎረቤት ቡዳ ይላታል፤ ከልጇም ጋር አይጋባም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ ዐዋጁ ግን ከስድቡ ዕድሜ አልበለጠም።

በጎንደር አጠገብ የምትገኘው ወለቃ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚያ ማሰሮና ጀበና ሲሠሩ ኖረው፣ የውጭ አገር ጎብኚ ሲበዛ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን መሸጥ ጀመሩ። ሰብሳቢዎች ምስሎቹን በየአገሩ ይዘው ሄደዋል፤ ሠሪዎቹም በ1984–85ና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ምስሉ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በሕዝቡ ስም፣ ያውም ሕዝቡ ራሱ በማይወደው «ፈላሻ» በሚለው ስም ነው። የሴቲቱ ስም የለበትም።

ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም በብዙዎቻችን ቤት፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ ቡና የማይፈላበት አንድ ጀበና ተቀምጧል። የጠርሙስ ሰብሳቢው ያገኘበትን ጉድጓድ፣ ጥልቀቱንና ቀኑን በመዝገብ ይጽፋል። የእኛ ጀበናዎች ከየትኛው ገበያ፣ በየትኛው የገበያ ቀን፣ በስንት ብር፣ ከማን እጅ እንደ ተገዙ የሚያስታውሱ እናቶችና አክስቶች ገና በሕይወት አሉ። የማኅበራችን አባላት ይህን ጠይቀው በአንድ ወረቀት ጽፈው ከጀበናው ጋር ቢያኖሩት፣ ለሸክላ ታሪካችን ያልነበረ መዝገብ ይሆናል። የሠሪዋ ስም ካልታወቀ የመንደሯ ስም፣ እርሱም ካልተገኘ ጭቃው የተቆፈረበት ወንዝ ይበቃል።