ገና በላስታ ተራሮች፦ እንግዳ፣ ደጅ እና መንገድ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ኮዬ ፈጬ ላይ ብርዱ ይበረታል። ንፋሱ በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል እየሾለከ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ያስገባል። በዚህ ሰሞን በየብሎኩ ደረጃ ላይ የምትሰማ አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ዘንድሮ ላሊበላ የሚሄድ አለ?» ድሮ ከእርሷ ቀጥሎ የሚጠየቀው የመኪናው ዋጋ ነበር። አሁን ግን ከዋጋው በፊት ሌላ ይጠየቃል፦ «መንገዱ ሰላም ነው?»

የዚህችን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

የገናን ሰሞን በተራራ ላይ ማሳለፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አውሮፓን ነው። የአልፕስ ተራሮች፣ በረዶ፣ ስኪ፣ እሳት የሚነድበት ሆቴል። ይህ ወግ ግን የሚመስለውን ያህል ጥንታዊ አይደለም። አልፕስ ለረጅም ዘመን በበረዶ ወራት የሚሸሽ እንጂ የሚኬድበት አገር አልነበረም። እንግዶች የሚመጡት በሙቀቱ ወራት ነበር። እንደሚተረከው በ1864 እ.ኤ.አ. ዮሃንስ ባድሩት የተባለ የሴንት ሞሪትዝ ባለሆቴል ከእንግሊዛውያን ደንበኞቹ ጋር ተወራረደ። በበረዶው ወቅት እንዲመለሱ፣ ካልተደሰቱም የመንገድ ወጪያቸውን እርሱ እንደሚችል ቃል ገባላቸው። እንግዶቹ መጡ፤ ወደዱትም። ከዚያ በኋላ ባቡሩና ስኪው ተጨመሩበት። በ1924 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ በፈረንሳይ አልፕስ፣ በሻሞኒ ተካሄደ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም በጣሊያኗ ቱሪን በስኪ ተወዳድሮ ኢትዮጵያን በዚህ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወከለ።

በኢትዮጵያ ግን የገናን ሰሞን በተራራ ማሳለፍ ከባድሩት ሆቴል በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ልዩነቱ የእኛ ገና በክረምት ሳይሆን በበጋ መዋሉ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ እህሉ ተሰብስቧል። ገበሬው እግሩን ለመንገድ የሚያነሳበት ጊዜ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል። ምእመናን ይህን እያወቁ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘው፣ በነቢያት ጾም፣ ለቀናት ለሳምንታትም በእግራቸው ይጓዙ ነበር። አሁንም በእግሩ የሚመጣ አለ። ታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ይቀባበላሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ዕለቱ የቅዱስ ላሊበላም የልደት በዓል ነው።

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጽፏል። መጽሐፉ በ1540 እ.ኤ.አ. ሲታተም አልፕስ ላይ አንድም የስኪ ሆቴል አልነበረም። ዩኔስኮ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከዚያ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው።

«መንፈሳዊ ጉዞን ከሽርሽር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አንድ አይደሉም። ማወዳደሩ የሚጠቅመው ግን እዚህ ላይ ነው። አልፕስን የገና አገር ያደረገው ሆቴል ነው፤ ላሊበላን የገና አገር ያደረጋት ከእምነቱ ጋር የነዋሪው ደጅ ነው። የላሊበላ ሰው ከሩቅ የመጣን እንግዳ እግር አጥቦ፣ ካለው አብልቶ ያሳድራል። አገርህ የት ነው፣ ቋንቋህ ምንድን ነው ብሎ አይለይም። በእርግጥ ከተማዋ ከገና ገበያም ትኖራለች፤ አስጎብኚው፣ ባለሆቴሉ፣ ባለበቅሎው ዓመቱን የሚጠብቁት ይህን ሰሞን ነው። እግር ማጠቡ ግን ዋጋ የለውም።

ሁለቱም አገሮች ግን ያለ መንገድ ገና የላቸውም። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በደሴና በወልዲያ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጣርማ በርን አልፎ፣ ወልዲያ ደርሶ፣ እንደገና ወደ ጋሸና ሽቅብ ይወጣል። ወረርሽኙ መጥቶ ጎብኚውን አስቀረ። ከዚያ ጦርነቱ ቀጠለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ታኅሣሥ 2014 ላይ የመንግሥት ኃይሎች ዳግም ከያዟት ብዙም ሳይቆይ ገና ተከበረ። እፎይታው አልዘለቀም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገዱን እንደገና አስፈሪ አደረገው። ገናው አልቀረም፤ መንገዱ ግን የሚያመነቱበት ሆነ።

ኮዬ ፈጬ የእንግዳና የባለቤት ጥያቄ ምን ያህል መራራ እንደሆነ ታውቃለች። በ2011 ዓ.ም. የካቲት የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ሲወጣ፣ መሬቱ የማን ነው የሚለው ሙግት በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ አስወጥቷል። ከእርሻው የተነሳው ገበሬ ቅሬታ እውነት ነበር፤ ለዓመታት ቆጥቦ ቤት የጠበቀው ነዋሪም ተስፋ እውነት ነበር። ዛሬ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ላሊበላ ለዚህ የሕግ መልስ የላትም። ለዘመናት ያሳየችው አንድ ነገር ግን አለ፦ ባለቤት ባለቤትነቱን የሚያሳየው እንግዳን በማባረር ብቻ አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ እግሩን በማጠብም ነው።

ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ የሚጎዳው የቱሪዝም ገቢ ብቻ አይደለም። የደቡቡ ሰው በሰሜን ደጅ እንግዳ ሆኖ የሚያድርበት፣ አገር በአገር ሰው ቤት የሚተዋወቅበት ሌሊትም አብሮ ይዘጋል። ይህን የሚተካ ጉባኤም ስብሰባም የለም። በኮዬ ፈጬ ደረጃዎች ላይ «መንገዱ ሰላም ነው?» የምትለው ጥያቄ ቀርታ ሰው እንደ ድሮው በመኪናው ዋጋ ብቻ የተከራከረ ዕለት፣ ሰላም መምጣቱን ያን ጊዜ ማመን ይቻላል።