ድንጋዩን የጠረቡት እነማን ናቸው?

ውድ ወጣቶች፣ ከሓድነት ተነስታችሁ ወደ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት ለመሄድ ረጅም መንገድ አይጠይቃችሁም። አንዳንዶቻችሁ ተማሪ ሳላችሁ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ገብታችሁ አይታችሁት ይሆናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ በአጠገቡ ስታልፉ ማማውን ቀና ብላችሁ ከማየት በቀር ደጁን አልረገጣችሁም። ቤቱ ለጥገና ሲባል ለጎብኚ የተዘጋባቸው ጊዜያትም ስለነበሩ በዚህ አትወቀሱም። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ስታገኙት፣ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትገቡ እንለምናችኋለን። ጥያቄው “በዚህ ቤት ማን ኖረ?” የሚለው አይደለም፤ የእርሱን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥያቄው “ይህን ድንጋይ ማን ጠረበው? ማንስ ተሸከመው?” የሚል ነው።

አስቀድመን ስለ ቤቱ የምናውቀውን እናስታውስ። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1884) ባሉት ዓመታት ነው። ሥራውን የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል ጣሊያናዊ አናጢ ነበር። ለንጉሡ የእንጨት ዙፋን የሠራውም እርሱ ነው። በግንባታው የጀርመናዊው ዕፅዋት አጥኚ የሺምፐር ልጅ ዊልያም ሺምፐርም አግዞታል። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ላይ ቆስለው ስለሞቱ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ በሕይወት የቆዩት አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ቤቱ ግን ንጉሡን አልፎ፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አልፎ፣ ለእኛ ደረሰ።

እስቲ ልብ በሉ፤ ከላይ ባለው አንቀጽ ውስጥ የንጉሡ ስም አለ፤ የአናጢው ስም አለ፤ የረዳቱም ስም አለ። ከአካባቢው መጥተው ድንጋዩን የፈለጡት፣ ጭቃውን ያቦኩት፣ እንጨቱን በትከሻቸው ያመጡት ሰዎች ስም ግን የለም። ጎብኚ ሲገባም ሲወጣም የሚሰማው ያንኑ ሁለት ሦስት ስም ነው። ግድግዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ ድንጋይ ግን በአንድ ሰው እጅ ያለፈ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። አሮጌ ቤት የሚጠግኑ ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚማሩት ነገር አለ፤ ጥንታዊ ግንብ በሲሚንቶ አይለጠፍም። የዱሮ ግንብ በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ስለሆነ ይተነፍሳል። ዝናብ ሲመታው እርጥበቱን ይቀበላል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይመልሰዋል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ድፍን ነው። እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ያስቀረዋል። ከላይ ሲታይ ግድግዳው አዲስ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ድንጋዩ እየበሰበሰና እየተፈረፈረ ይሄዳል። በጎንደር የፋሲል ግቢ የሆነው ይኸው ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት ጠገኑ፤ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን እያነሱ እንደገና በኖራ መሥራት ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ ስንጥቁን ከመድፈኑ በፊት ያጠናዋል፤ ምን እንደሰነጠቀው ይጠይቃል።

ታሪክም እንደዚሁ ነው። የሰነጠቀውን ሳንጠይቅ ከላይ ብንለስነው ለጊዜው ያምራል እንጂ አይድንም።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ቤት በአሜሪካ አገር በሉዊዚያና ግዛት አለ። በዚያ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በባሪያ ጉልበት የሚለሙ ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩ፤ ፕላንቴሽን ይሏቸዋል። በየእርሻው መካከል የጌታው ትልቅ ቤት ይቆማል፤ ከኋላ ደግሞ የባሮቹ ጎጆዎች ይደረደራሉ። ባርነት ከቀረ በኋላ ብዙዎቹ ትልልቅ ቤቶች ታድሰው የጎብኚ መስሕብ ሆኑ። ለረጅም ዘመን አስጎብኚዎች የሚያወሩት ስለ ጌታው ዕቃ፣ ስለ እመቤቲቱ ቀሚስና ስለ አበባው ነበር። ሠርግ የሚደገስባቸውም አሉ። ዊትኒ የሚባለው እርሻ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። እርሻውን እ.ኤ.አ. በ1752 የመሠረተው አምብሮይዝ ሃይደል የሚባል ከጀርመን የመጣ ሰው ነው፤ በኋላም ሸንኮራ አገዳ ይመረትበት ነበር። ቤቱ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ሲከፈት፣ ጉብኝቱ ከጌታው ሳሎን ሳይሆን ከባሮቹ ታሪክ እንዲነሳ ተደረገ። በዚያ የሠሩት ሰዎች ስም ከየመዝገቡ ተፈልጎ በድንጋይ ላይ ተቀረጸ።

በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ የእንጨት ጸሎት ቤትም አለ። ከሌላ መንደር ተነቅሎ መጥቶ የተተከለ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። የመሠረቱት ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያ ያወጡለት ስም “ፀረ ቀንበር” የሚል ትርጉም ነበረው፤ በኋላ ነው አንጾኪያ የተባለው። ዛሬ በውስጡ በባርነት ያደጉ ሕፃናትን የሚያስቡ የሸክላ ሐውልቶች ቆመዋል። ጎብኚው ከአምባገነኑ ቤት በፊት የሚያገኘው እነዚህን ልጆች ነው።

ምናልባት “ይህ የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” ትሉ ይሆናል። እንግዲህ የመቐለው ቤተ መንግሥት ባለቀበት ዓመት የሆነውን ስሙ። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1884) አፄ ዮሐንስ በዓድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ከሂወት ጋር ውል ተፈራረሙ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ምጽዋ ወደብና ስለ ግብጽ ጦር የሚናገረው ውል ነው። በዚያው ቀን ግን ሌላም ውል ተፈርሟል፤ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ውል። ንጉሥ የሌለውን ነገር እከለክላለሁ ብሎ አይፈርምም። ሰው ይሸጥና ይገዛ የነበረው በእኛው አገር፣ በእኛው መንገድ፣ በእኛው ወደብ ነበር። ውሉ ከተፈረመም በኋላ ነገሩ ቶሎ አልቆመም። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ስለ ባርነት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ የአያቶቻችንና የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው።

የወንጌላውያን ልጆች ስንሆን ደግሞ ይህ ታሪክ ወደ ራሳችን ቤት ይገባል። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ አንድ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮናውያን አስተማሩት፤ ጌታንም ተቀበለ። ስሙም አናሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የባሪያው ስም ነው። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ እ.ኤ.አ. በ1899ም ታተመ። ከእርሱ ጋር ደግሞ አስቴር ጋኖ ነበረች። እርሷም ለባርነት ተሸጣ በመርከብ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ነጻ የወጣች፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የተማረች ሴት ናት። የቋንቋዋን ቃላት፣ ተረትና ዘፈን ከልቧ እየቀዳች ጻፈች፤ ለትርጉሙ ሥራ መሠረት የሆነውን የቃላት ስብስብ ያዘጋጀችው በዋናነት እርሷ ነበረች። ሆኖም ሰው ስለ ትርጉሙ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የአናሲሞስን ስም ብቻ ነው። አያችሁ? ከባርነት በወጣ ሥራ ውስጥ እንኳ ድንጋይ ተሸካሚው ይረሳል።

አሁንም አንድ ስንጥቅ ይቀራል፤ እርሱም ዛሬ በአፋችን ያለው ነው። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው ለዘመናት ሲናቁ ኖረዋል። የምናርስበትን ማረሻ የሠራልንን ሰው “ቡዳ” አልነው። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የቆዳውን መጥቆር አይተን በቀልድ “ባሪያ” ብለን የምንጠራው ጓደኛም አለ፤ ይህ ቃል በመዘምራን ልምምድ መካከል እንኳ አንዳንዴ ይሰማል። ተናጋሪው ይስቃል፤ ሰሚው ግን ቤቱ ገብቶ ያስበዋል። ውሉ ከተፈረመ፣ አዋጁ ከታወጀ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ቃሉ በአፋችን ካለ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል እንጂ አልተጠገነም ማለት ነው። ደግሞም የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን ሲንቁት ያሉትን አስታውሱ፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደምናነበው ጸራቢነቱን አንስተው ተሰናከሉበት። የእጅ ባለሙያን የሚንቅ ሰው ማንን እንደሚንቅ ይወቅ።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጥገና ሲናገር እንዴት እንደሚናገር ተመልከቱ። የነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 3ን ብዙዎቻችን የምንዘለው የስም ዝርዝር ስለሆነ ነው። እግዚአብሔር ግን አልዘለለውም። ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቶ ቀማሚው፣ ነጋዴው፣ የሰሎም ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ የትኛውን የቅጥር ክፍል እንደሠሩ ተጽፏል። አንገታቸውን ለሥራው ያላዋረዱ ታላላቆችም ተጽፈዋል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ደግሞ የፈረሰውን የሚጠግን የሚል ስም የሚሰጠው ለማን እንደሆነ አንብቡ፤ አስቀድሞ የቀንበርን እስራት ለሚፈታ፣ ጣቱን በሌላው ላይ መቀሰርን ለሚተው ሰው ነው። ቀንበሩ ሳይፈታ የሚደረግ ጥገና በእግዚአብሔር ፊት ጥገና አይባልም።

ከጦርነቱ ወዲህ “ጥገና” የሚለው ቃል ለእኛ ሩቅ አይደለም። ብዙ የሚጠገን ቤት፣ ብዙ የሚጠገን ልብ አለን። እናንተ ይህን ሥራ የምትረከቡ ትውልድ ናችሁ። ስለዚህ የወጣቶች ኅብረታችሁ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ እንዲህ አድርጉ። በዙፋኑ ፊት ብቻ አትቁሙ፤ ወደ ግድግዳው ተጠጉና የመዶሻውን ምልክት ፈልጉ። ለጥገና የተሰማሩ ግንበኞች ካገኛችሁ ሰላምታ ስጧቸው፤ ስማቸውን ጠይቁ፤ ኖራው እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስረዷችሁ። ስትመለሱም የራሳችሁን የጸሎት ቤት ታሪክ ጠይቁ። ድንጋዩን ማን አመጣ? ውኃውን ማን ቀዳ? ለሠራተኞቹ እንጀራ የጋገሩት እናቶች እነማን ናቸው? በሕይወት ያሉትን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ስማቸውን በደብተር ጻፉ፤ እሁድ ቀንም በጉባኤው ፊት አንብቡት። “ባሪያ” እና “ቡዳ” የሚሉትን ቃላት ደግሞ ከአፋችሁ አውጡ፤ ያቆሰላችሁት ካለ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁት።

የነገሥታት ስም የሚጠብቀው አያጣም። የግንበኛውንና የውኃ ቀጂዋን ስም ግን እናንተ ካልጻፋችሁት የሚጽፈው የለም። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን።