ልጅ ለእናቷ ምጥ ስታስተምር

መቱ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጠናል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ብሏል። የሚታየው ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ፊልም ነው። አንዲት ቆንጆ ሴት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ፀጉሯ እንደተተኮሰ፣ ከንፈሯም እንደተቀባ ነው። ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ ነርሷ ግንባሯን ጠረገችላት፤ ባልየው ኮሪደሩ ላይ ተንቆራጠጠ፤ ወዲያው የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሰዓቴን አይቼ ነበርና አራት ደቂቃ አልሞላም። በነጭ ፎጣ የተጠቀለለው ልጅ ለእናቱ ሲሰጥ አክስቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ይሄ ልጅ እኮ ጥርስ ሊያበቅል ምንም አልቀረው!» ብለው ሳቁ።

አክስቴ በዚህ ጉዳይ ቢስቁ አይፈረድባቸውም። ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰፈሩ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ቤት «ማረም» ስትለመን፣ ከአማራው ቤት «ማርያም ማርያም» ሲባል ሰምተዋል። «እንግዴ ልጁስ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነትም የት ሄደ? በቴሌቪዥን ስንት ልጅ ሲወለድ አይቻለሁ፤ የእንግዴ ልጅ ግን አንድ ቀን አላየሁም። ልጅቷ ከወለደች በኋላ አክስቴን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው እሱ ነበር፤ ልጅ ወጥቶ እንግዴ ልጅ ከዘገየ፣ ደምም ካልቆመ፣ የእልልታው ቤት በደቂቃዎች ውስጥ የለቅሶ ቤት ይሆናል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ እናቶችን በመግደል ግንባር ቀደሙ ነው። ፊልሙ ግን ልጁ ካለቀሰ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ የአክስቴ ሳቅ ነው። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልናገር፤ እኔ ወንድ ነኝ። በእኛ አገር ወንድ ምጥ ቤት አይገባም። በልጅነቴ ስለ ወሊድ የማውቀው ከእልልታው ቁጥር ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደተባለ ቆጥረን ወንድ ወይም ሴት መሆኑን እናውቃለን፤ ከዚያ ገንፎ ይመጣል። አለቀ። እኔና መሰሎቼ ሴት ስታምጥ ያየነው በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ ነው። ሚስት ሐኪም ቤት ትወሰድ ወይስ እስኪነጋ ይጠበቅ ብሎ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ምጥ አይቶ የማያውቀው ባል ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ምን አስተማረው? ይህ ቀላል ጥያቄ አይመስለኝም።

ታሪኩን ከሩቅ ልጀምረው። አሜሪካኖች በቴሌቪዥን ስለ ወሊድ ሲጽፉ ዘወትር የሚያነሱት አንድ ምሽት አለ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1953። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ልክ የጥምቀት ዕለት ነበር። «አይ ላቭ ሉሲ» በተባለው አስቂኝ ድራማ ውስጥ ሉሲ የምትወልድበት ክፍል የታየው ያን ዕለት ነው። ተዋናይቷ ሉሲል ቦልም በዚያው ቀን በእውን በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተገላገለች። ድራማውን ወደ 44 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ይነገራል፤ በማግስቱ የተካሄደውን የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ቃለ መሐላ ያየው ወደ 29 ሚሊዮን ነው። የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ጣቢያው «እርጉዝ» የምትለው ቃል በድራማው ውስጥ እንድትነገር አልፈቀደም። ምጡም ወሊዱም አልታየም፤ የታየው የባልየው መደናገጥ ነው። ኮሪደር ላይ የሚንቆራጠጠው ባል ከዚያ ወዲህ ከወሊድ ትዕይንት ተለይቶ አያውቅም። በእንግሊዝኛም፣ በቱርክኛም፣ በአማርኛም ይንቆራጠጣል።

በቃሉ ላይ ግን አሜሪካኖችን አልስቅባቸውም። እኛስ በሽማግሌ ፊት «አረገዘች» እንላለን እንዴ? «ነፍሰ ጡር» እንላለን፣ «ሁለት ነፍስ ናት» እንላለን። ልዩነቱ የእኛዎቹ ቃላት አደጋውን አለመደበቃቸው ነው። ከወለደች በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው፣ ላትማርም ትችል እንደነበር ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አላለፈም። በቀለም ማሰራጨት የጀመረው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ዋዜማ ነው። የኢሉባቦር ሰው ቴሌቪዥን ያየው ዘግይቶ ነው፤ መብራትም እንደልብ አልነበረም። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1980ዎቹ መባቻ ነው። ከዚያ በኋላም ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤት ሁሉ የሚሰበሰብበት ቤት ነበር። እኛ ልጆቹ መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ። ያኔ በድራማ ሴት ስታረግዝ አይተናል። ስታምጥ ግን ካሜራው ወደ በሩ ይዞራል፤ ወይ ሌሊት ይሆናል፤ ወይ ዶሮ ይጮኻል። ሲነጋ ልጅ አለ። በኋላ ዘመን ዲሹ መጣ፤ በ2008 ዓ.ም. የቱርኮቹን ፊልሞች በአማርኛ ድምፅ የሚያቀርበው ቃና ተጨመረ። ካሜራውም በሩን ከፍቶ ገባ። ገብቶ ያሳየን እንግዲህ አራት ደቂቃ የማይሞላውን ምጥ ነው።

ከቴሌቪዥንና ከኢሉባቦር ታሪክ ሳልነካካው ማለፍ የማልችለው አንድ ሰው አለ። ካርልሃይንዝ በም ኦስትሪያዊ ተዋናይ ነበር። አውሮፓ የሚያውቀው «ሲሲ» በተባሉት ፊልሞች ውስጥ አፄ ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ በመጫወቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ንግሥቲቱ ሴት ልጅ ትወልዳለች፤ አማቷ ልጅቷን እኔ ላሳድግ ብላ ትወስድባታለች። የታሪኩ መከራ ያለው አማትየው ላይ እንጂ ምጡ ላይ አይደለም። ይኸው «ንጉሥ» ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በጀርመን አንድ የቴሌቪዥን መዝናኛ ላይ ቀርቦ ከተመልካች ጋር ውርርድ ገጠመ፤ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለአፍሪካ ረሃብተኛ አንዲት ማርክ አይሰጥም ብሎ። በተሰበሰበው ገንዘብ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ብዙዎቹ የወረዱት ኢሉባቦር ላይ ነበር፤ ድርጅቱም ተከትሎ መጣ። በቴሌቪዥን የተጀመረ ውርርድ መጨረሻው ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሆነ። ስለዚህ ይህን መስኮት በጅምላ አልረግመውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እውነተኛ ምጥ ስንት ሰዓት ይወስዳል? የመጀመሪያ ልጇን ለምታምጥ ሴት ግማሽ ቀን፣ ከዚያም በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። በፊልም ሁልጊዜ ነገሩ የሚጀምረው የሽርት ውኃ በድንገት ወለሉ ላይ ሲፈስ ነው። በእውኑ ግን ወራቸው ከገባ አሥር ሴቶች ምጥ ሳይጀምራቸው ውኃው የሚፈሰው አንዷ ብትሆን ነው። በፊልም ሴትየዋ በጀርባዋ ትጋደማለች፤ አክስቴ ያዋለዷቸው ግን ከኋላ ሴቶች ደግፈዋቸው፣ ምሰሶ ወይም ገመድ ጨብጠው፣ ተንበርክከው ነው የወለዱት። እነዚህ ጥቃቅን ስሕተቶች ናቸው ሊባል ይችላል። ትልቁ ስሕተት የጊዜው ነው። በፊልም ምጥ ወይ ቶሎ ያልቃል፣ ወይ እናቲቱ አንዲት ኑዛዜ ተናግራ ትሞታለች። ሦስተኛው መንገድ አይታይም። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ማማጥ፣ መትረፍ፣ ተርፎም መጎዳት።

ያ ሦስተኛው መንገድ ፊስቱላ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ሲቀር፣ በአጥንቱና በጭንቅላቱ መካከል የተጨፈለቀው የፊኛና የማህፀን በር ሥጋ ደም ያጣል፤ ይሞታል፤ ይቀደዳል። ልጁ በአብዛኛው ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ሽንቷ፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድሯ፣ ቀንም ሌሊትም ይፈሳል። ባል ይፈታል፤ ጎረቤት ይሸሻል።

ይህን ለዓለም ያሳየው ፊልም የተሠራው በአገራችን ሴቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» አምስት የገጠር ሴቶች ለመታከም ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ይከተላል። በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን በ2008 ታይቷል። ስለ ምጥ ርዝመት ይህን ያህል እውነት የተናገረ ፊልም እኔ አላየሁም፤ ተመልከቱ እንግዲህ፣ ይህ የሴቶቹን ምጥ ሳይሆን ከምጡ በኋላ የመጣውን የሚከተል ፊልም ነው። አራት ደቂቃ የማይሞላው ምጥ ያልነገረንን የነገረን ያለፈ ምጥ ነው።

ሆስፒታሉም የራሱ ታሪክ አለው፤ ከምዕራብ ኢትዮጵያም ጋር ይገናኛል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በለንደን ነርስነት የተማረች ነበረች። ባለቤቷ ጄኔራል አቢይ አበበ ወለጋን ሲያስተዳድር፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ከእርግዝናዋ በተነሣ ችግር አረፈች። ነርስ ናት፤ የንጉሥ ልጅ ናት፤ ግን ከኢሉባቦር ጎን ባለችው ለቀምት ያ ሁሉ አላዳናት። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ። በዚያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን ናቸው። ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ያዩት እዚያ ነው፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ቅርንጫፎቹ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረር ቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መቱ ላይ ተተከለ። የኢሉባቦር ሴት ለመታከም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጓዟ ያኔ ቀረላት። ከዚያ በፊት ከጎሬ ማዶ፣ ከቡሬ፣ ከያዮ ጫካ ውስጥ ቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ መድረስ ራሱ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር። ካትሪን ሃምሊን በ2020 አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ሁለት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ታዲየስና ሜይን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ብለው ጻፉ፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ደርሶም ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። መንገድና አምቡላንስ ሁለተኛውን ይቀንሳሉ። የመጀመሪያው ግን ቤት ውስጥ፣ ያ ምጥ አይቶ የማያውቀው ባል ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ፊልሙን የሚያይ ባል «ትንሽ ነው የቀራት» ይላል፤ በአራት ደቂቃ ያልቃልና። የሞተችውን ያየ ደግሞ «ሐኪም ቤት የሄደች ሁሉ ትሞታለች» ይላል። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ ቁጥር ልጨምር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሠለጠነ ባለሙያ እርዳታ የወለዱ የኢትዮጵያ እናቶች ከመቶ 6 ነበሩ። በ2003ቱ 10፣ በ2008ቱ 28 ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. ግማሽ ደረሱ። ይህን ያመጡት በዋናነት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መንገድና አምቡላንስ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሆስፒታል አልጋ ለዓይናችን እንግዳ እንዳይሆን ግን የውሸቱም ፊልም የራሱን ያህል ሳይረዳ አልቀረም። ይህን እንኳ ልንነፍገው አይገባም።

እንግሊዞች ነገሩን እንዴት እንዳስተካከሉት ባወሳ ደስ ይለኛል። ቴሪ ኮትስ የተባለች አዋላጅ እ.ኤ.አ. በ1998 በሙያ መጽሔት ላይ፣ ስለ ሐኪሞች ብዙ ተጽፏል፣ ስለ አዋላጆች ግን የጻፈ የለም ብላ ወቀሰች። ይህን ያነበበችው የቀድሞ አዋላጅ ጄኒፈር ዎርዝ ተነሥታ በድሃው የምሥራቅ ለንደን ሰፈር ያየችውን ጻፈች። መጽሐፉ በጥር 2012 «ኮል ዘ ሚድዋይፍ» የተባለ የቢቢሲ ድራማ ሆነ፤ ለድራማውም አማካሪ የሆነችው ራሷ ኮትስ ናት። በዚያ ድራማ ምጥ ይረዝማል፤ አዋላጇ ትጠብቃለች፤ መጠበቅ ራሱ ሥራ መሆኑ ይታያል። የአክስቴ ሥራም ዘጠኝ እጁ መጠበቅ ነበር። እሳቸውን የመሰለች አዋላጅ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ድራማ ውስጥ ብትኖር፣ ከሸክላ ምጣድና ከቅቤ ጋር የምትሣቅ አሮጊት ሳትሆን፣ «አይ ልጄ፣ ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ቶሎ ውሰዷት» የምትል ብትሆን...

«እኔ ሦስቱን ልኬያለሁ» አሉኝ አክስቴ፣ ቴሌቪዥኑን እየዘጉ። «አንዷ ጸሐይ ሁለቴ ጠልቃባት ነበር፤ ባሏ ቡና ለቀማ ላይ ነበረ፤ እሱ ሳይመጣ አትሄድም አሉ።» ስለሷ ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ የጎረቤታቸውን ምራት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። ባጃጅ ተጠራ፤ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው አብረው ገቡ። ባልየው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። ልጅቷ የተገላገለችው ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እግራቸው አብጦ ነበር። ሕፃኗ ምን እንደምትመስል ጠየቅኳቸው። «ምን ትመስላለች? የተጨማደደች፣ እንደ ጉበት የጠቆረች፣ ቅባት የለበሰች» አሉና ገንፎ ሊያገነፉ ወደ ጓዳ ገቡ።